አስራ ሰባተኛዋ ልጅ

ልጄ የምትጫወትበት ቡድን ውስጥ ሠላሳ አራት ሴት ልጆች ነበሩ። ይህን የሰማሁት አሰልጣኟ በወላጆች ስብሰባ ላይ ስትናገር ነው፤ ሰምቼም ክው አልኩ። ስለ እግር ኳስ የማውቀው ነገር ባይኖርም አንድ ቡድን በአስራ አንድ ሰው እንደሚጫወት አውቃለሁ። የቀሩት ሃያ ሦስቱ ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው የተሰበሰቡት አልኩ በሆዴ። መልሱን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በዓይኔ ሳየው ከርሜ ነበር፤ ልብ አላልኩትም እንጂ።

ከሰፈራችን ከሃሉንዳ በባቡርና በአውቶቡስ፣ አንዳንዴም የሌላ ልጅ ወላጅ መኪና ውስጥ ተጠጋግተን፣ የማላውቀው ሰፈር ያለ የማላውቀው ሜዳ ዳር እንደርሳለን። ልጄ ካልሲዋን እስከ ጉልበቷ ትስባለች፣ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ ታስራለች፣ ከዚያ አግዳሚው ወንበር ላይ ሄዳ ትቀመጣለች። እዚህ ስዊድን አገር ሚያዝያን ፀደይ ነው ይሉታል፤ እኔ ግን ጓንት ላይ ጓንት ደርቤ፣ አፍንጫዬ ቀልቶ እቆማለሁ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ልጄ ትነሳለች፣ ትሮጣለች፣ ኳሷን አንድ ሁለቴ ትነካለች፣ ፊሽካ ይነፋል። ግማሽ ቀኔን የሰጠሁት ልጄ ስትቀመጥ ለማየት ነው ማለት ነው። መቀመጥማ ቤታችንም ሶፋ አለ።

አንድ ቅዳሜ ይህንኑ ለአሰልጣኟ ልነግራት ስነሳ ባለቤቴ ክንዴን ያዘኝ። «አታሳፍሪን» አለኝ። ባለቤቴ በወጣትነቱ ለትምህርት የመጣና እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ ኪስታ የሚባል ሰፈር ውስጥ መሐንዲስ ሆኖ ይሠራል። ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ልጁን አንዴ ለአስተማሪ ካስረከበ በኋላ በአስተማሪው ሥራ ጣልቃ መግባትን እንደ ነውር ይቆጥረዋል። እኔ የመጣሁት ከእሱ ብዙ ዓመት ዘግይቼ ነው፤ የአራት ዓመት ልጃችንን ይዤ። ትዕግሥት ሲታደል እኔ ያልነበርኩ ሰው ነኝ፤ የእኔን ድርሻ የወሰደው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ልጃችን ያኔ አስራ ሦስት ዓመት ሞልቷት ነበር። አማርኛ ስንናገር ሁሉን ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን በር ላይ ጥላ ከሕንፃችን ጀርባ ወዳለው ሣር ትወርዳለች፤ ኳሷን ግድግዳ ላይ እየመታች፣ በግራም በቀኝም እየተቀበለች፣ እስኪጨልም ትቆያለች። ባለቤቴ ከወጥ ቤቱ መስኮት መጋረጃውን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ያያታል። «ነይ እይ፣ ነይ እይ» ይለኛል በሹክሹክታ፤ «ይቺ ልጅ እኮ ሌላ ናት!» ልጅቷ ደረጃውን ስትወጣ ሲሰማ መጋረጃውን ይለቅና ጋዜጣው ላይ ያቀረቅራል። ገብታ ስትቆም ደግሞ «ጫማሽን እውጭ አራግፊ» ነው የሚላት። እሷ ፊት አንድ ቀን ጎበዝ ነሽ ብሏት አያውቅም። ልጅ ፊት ለፊት ከተሞገሰ ይባልጋል፣ ዓይንም ይገባበታል ብሎ ያምናል። በዚህ ረገድ እኔም ከእሱ የተሻልኩ አልነበርኩም።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። አሰልጣኟ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ፀጉሯን ያሳጠረች፣ ስትናገር እጇን የማታወናጭፍ ሴት ናት። የራሷ ልጅ ቡድኑ ውስጥ የላትም። በክለቡ ትንሽ ቤት ውስጥ፣ እርጥብ ጫማ በሚሸትበት ክፍል ሰብስባን፣ እስከ ዛሬ ልጆቹን በየተራ እያጫወተች እንደነበር፣ ተራው ለሠላሳ አራት ሲካፈል ግን ለማንም እንደማይበቃ ነገረችን። ስለዚህ ከሚመጣው የውድድር ዘመን ጀምሮ ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ አስራ ስድስት ልጆች ብቻ ያሉበት ትንሽ ቡድን ነው፤ በሳምንት አራት ቀን ይለማመዳል፣ ከበረቱት ጋር ይገጥማል፣ አስራ ስድስቱም በየጨዋታው ሜዳ ይገባሉ። የቀሩት በትልቁ ቡድን ይቀጥላሉ።

የአንዷ ልጅ አባት እጁን አወጣና ለምን ሃያ አይሆኑም፣ የሚታመም ይኖራል፣ የሚጎዳ ይኖራል አለ። እኔም በልቤ ደገፍኩት። አሰልጣኟ ግን ሃያ ከተባለ በየሳምንቱ አራት ልጆች እንደሚቀመጡ፣ የሚቀመጡትም ውድድሩ እየከበደ ሲሄድ እነዚያው አራቱ እንደሚሆኑ ተናገረች። ተቀምጣ ያደገች ተጫዋች አይታ እንደማታውቅም ጨመረች። ይህን ስትል ድምጿ ውስጥ ቁጣም ይቅርታም አልነበረም፤ የአየር ሁኔታ የምትናገር ትመስል ነበር። ልጄ እነዚያን ሁሉ ቅዳሜዎች ምን ስታደርግ እንደከረመች የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከስብሰባው በኋላ እያንዳንዱ ወላጅ ከነልጁ እየተጠራ ከአሰልጣኟ ጋር ለብቻ እንዲነጋገር ተደረገ። ትምህርት ቤት እንደሚደረገው ነው፤ ልጅቷ መሃል ተቀምጣ ስለ እሷ ይወራል። እኔ አረጋውያን መኖሪያ ነው የምሠራው፤ የእኛ ተራ የደረሰ ቀን የማታ ተረኛ ስለነበርኩ ባለቤቴ ይዟት ሄደ። በማግሥቱ እንዴት ነበር ስለው ጥሩ ነበር፣ ሴትዮዋ ደህና ሴት ናት፣ ታከብረናለች አለኝ። ልጄን ስጠይቃት ትከሻዋን ሰበቀች። ከዚያ በኋላ ግን የቤቱ ስልክ በጮኸ ቁጥር ባለቤቴ እየተንደረደረ ቀድሞኝ ያነሳ ጀመር። ከሥራ የሚጠብቀው ነገር አለ ብዬ ዝም አልኩ።

የተመረጡት ልጆች ስም በክለቡ ድረ ገጽ የወጣው ዓርብ ቀን ነው። ኮምፒዩተሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከላይ ወደ ታች አነበብኩ፣ ከታች ወደ ላይ አነበብኩ፤ የልጄ ስም የለም። ከልጄ በኋላ የመጣች፣ ኳስ በአየር ሲመጣባት ዓይኗን ጨፍና አንገቷን የምትቀብር ልጅ ስም ግን አለ። ደሜ ፈላ። ባለቤቴን ጠራሁት፤ ቆሞ አነበበ፣ ፊቱ አመድ መሰለ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሊሆን አይችልም» አለ።

ልጄን እንዴት ብዬ ልንገራት እያልኩ ስብሰለሰል እሷ ከክፍሏ ሆና፣ ሳትወጣ፣ ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ እንደማይኖር ታውቅ እንደነበር በስዊድንኛ ነገረችን። እንዴት ልታውቂ ቻልሽ አልኳት። በሩን በቀስታ ዘጋችው። ብታለቅስ፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ከሥራዬ ቀጥታ ወደ ልምምድ ሜዳው ሄድኩ። በባቡሩ ውስጥ የምናገረውን በስዊድንኛ እያዘጋጀሁ፣ ግሡን እዚህ አዙሬ እዚያ መልሼ፣ በቁጣ ተጓዝኩ። ምክንያቱን የማውቀው መስሎኝ ነበር። ስማችን ነው፣ መልካችን ነው ብዬ ወስኛለሁ። ዛሬ ይህቺን ሴትዮ ካላሳየኋት ብያለሁ። ስደርስ ልምምዱ አልቆ ኳሶቹን በመረብ ከረጢት እየሰበሰበች ነበር። ሰላምታ እንኳን አልሰጠኋትም። ልጄን ለምን እንደጣለቻት እውነቱን እንድትነግረኝ ጠየቅኳት።

ከረጢቱን ለቀቀችው፤ ኳሶቹ ተመልሰው ተበተኑ።

«እኔ አልጣልኳትም» አለች። «አስራ ስድስቱን ሳስብ መጀመሪያ ከወሰንኩባቸው ልጆች አንዷ እሷ ነበረች። አይሆንም ያለው አባቷ ነው።»

ስዊድንኛዬ የከዳኝ መስሎኝ ድገሚልኝ አልኳት። ደገመችልኝ፤ ያውም ከስር ከመሠረቱ። ለብቻ በተነጋገሩበት ምሽት ልጃችሁን ወደ ትንሹ ቡድን ልወስዳት አስቤአለሁ፣ ምን ይመስልሃል ብላ ጠይቃዋለች። እሱም ፈገግ ብሎ፣ ገና ናት፣ ብዙ ይቀራታል፣ ከእሷ የተሻሉ ልጆች ስላሉ ለእነሱ ይሁን፣ ለእሷ ያለችበት ይበቃታል ብሏታል። እርግጠኛ ነህ ብላዋለች። እርግጠኛ ነኝ፣ ስላሰብሽላት ግን እናመሰግናለን ብሏታል። እሷም አመስግና ሌላ ልጅ አስገባች።

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ምክንያቱም እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ፤ እኔም ብሆን የምለው ያንኑ ነበር። ሰው ቤት ሄደን ብሉ ስንባል፣ ሆዳችን እየጮኸ፣ አሁን በልተን መጣን እንላለን። የቤቱ ጌታ በሞቴ ይላል፣ አፈር ስሆን ይላል፣ ይቆጣል፣ ይለምናል፤ ያን ጊዜ ወደ ገበታው ጠጋ እንላለን። መጀመሪያ ሲሉት እሺ ያለ ሰው ስግብግብ ነው። ልጁን ሲያሞግሱለት ተቀብሎ አዎ ጎበዝ ናት ያለ አባትም እንደዚያው። ባለቤቴ ያችን ሴትዮ አክብሯት ነው፤ በሙሉ ጨዋነቱ ነው የተናገረው። እሷ ደግሞ በሕይወቷ «በሞቴ» የሚል ሰው ገጥሟት አያውቅም።

በተሰባበረ አንደበት አስረዳኋት። አባቷ እንዲህ ያለው ስላልፈለገ አይደለም፣ በጣም ስለፈለገ ነው፣ እንድትለምኚው እየጠበቀ ነበር አልኳት። ስሰማው ለራሴም የእብድ ወሬ መሰለኝ። አሰልጣኟ ስንት ጊዜ መጠየቅ እንደነበረባት ጠየቀችኝ፤ እየቀለደች አልነበረም። ቢያንስ ሦስት ጊዜ አልኳት።

«ሰው አይሆንም ካለኝ በኋላ ደግሜ ብጠይቀው እኛ ዘንድ መጫን ይባላል» አለች። «ደግሜ ያልጠየቅኩት ስለማከብረው ነው።»

ልለምናት ጀመርኩ። አስራ ሰባተኛ አድርጊያት አልኳት፤ አንድ ልጅ ብትጨመር ምን ትጎዳለች? እኛ ቤት ለአራት ሰው በተሠራ ሶፋ ላይ ሰባት ሰው ይቀመጣል፣ ማንም ቅር አይለውም። እሷ ግን ያው ስብሰባ ላይ እንደነበረችው ሆነች። አስራ ሰባተኛዋ ማለት የምትቀመጠዋ ልጅ ናት፣ ልጅሽን ለዚያ ነው ወይ የምትፈልጊያት አለችኝ። ቃል የገባችልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአስራ ስድስቱ አንዷ ከለቀቀች ቦታውን ለልጄ ትሰጣለች፣ የዚያን ጊዜ ግን አባቷን ሳይሆን ልጅቷን ራሷን ትጠይቃለች። ልሄድ ስዞር ጠራችኝ።

«አባቷ ሲናገር እኔ የማየው እሷን ነበር» አለች። «በእያንዳንዱ ቃል ራሷን እየነቀነቀች፣ ልክ ነው እያለች ነበር።»

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር። የሰማሁትን ነገርኩት። ልጮህበት ተዘጋጅቼ ነበር። ካውያውን አቆመና «ደግማ ትደውላለች ብዬ እኮ ነው» አለኝ። ያ ሁሉ ወደ ስልኩ መሮጥ ለዚህ ነበር። ሃያ ዓመት የኖረበት አገር ሰው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚጠይቅ በሥራው ቦታ አሳምሮ ያውቃል፤ በልጁ ጉዳይ ሲሆን ግን እናቱ ቤት እንዳለ ሰው ሆነ። መጮሁ ቀረና አብሬው ተቀመጥኩ።

ለልጄ ማስረዳት የእኔ ሥራ ሆነ። ወጥ ቤት አስቀምጬ፣ አገራችን ውስጥ ሰው ሲጋበዝ መጀመሪያ እንዴት እንደሚመልስ፣ ወላጅ ስለ ልጁ ሰው ፊት እንዴት እንደሚያወራ ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ጠየቀች፣ በስዊድንኛ።

«ታዲያ የዋሸው ማንን ነው? እሷን ነው ወይስ እኔን?»

ውሸት አይደለም፣ ጨዋነት ነው አልኳት። አባትሽ ስለ አንቺ የሚናገረውን ሁሉ እውነት ነው ብለሽ አትያዢው፤ ለወጉ ነው የሚለው አልኳት። አጽናናኋት ብዬ ደስ ብሎኝ ተነሳሁ። እንዴት ያለ ነገር እንዳስተማርኳት ያን ሰዓት አልታየኝም።

የውድድሩ ዘመን ተጀመረ። ትልቁ ቡድን አዳዲስ ልጆች ገቡበትና እንደገና ሠላሳ ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ተራው ጭራሽ ቀጠነ። ልጄ አንዳንድ ቀን ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረች፣ ሌላ ቀን ዝናብ ነው። ከሕንፃው ጀርባ ግድግዳው ላይ ኳስ ሲመታ መስማት ተውን። በበጋው አጋማሽ አንድ ቀን ብቻዬን ትንሹን ቡድን ለማየት ሄድኩ፤ ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ ምናልባት ሲሸነፉ ለማየት ነው። ያቺ ዓይኗን የምትጨፍን ልጅ ሜዳው መሃል ነበረች። ከሩቅ የተመታ ኳስ በአየር መጣባት። ዘልላ በግንባሯ መልሳ፣ ወርዳ ተከትላው ሮጠች፣ በግራ እግሯ አሳልፋ ሰጠች። አፌን ይዤ ቀረሁ። ሌላ ልጅ ናት ብዬ ፊቷን ለማየት ወደ መስመሩ ጠጋ አልኩ፤ እሷው ናት። በአንድ የውድድር ዘመን፣ ያውም ግማሹ ሳያልቅ! ልጄ የተቀማችው ምን እንደሆነ ቆሜ እያየሁ እንባዬ መጣ። ለዚያች ልጅም ደስ አለኝ፣ በራሴም ተናደድኩ፤ ሁለቱም ባንድ ላይ።

ነሐሴ ላይ ከአስራ ስድስቱ አንዷ ከቤተሰቧ ጋር ዮተቦሪ ወደሚባል ሌላ ከተማ ሄደች። አሰልጣኟ ቃሏን ጠብቃ ወደ ልጄ ስልክ ደወለች። ልጄ ከክፍሏ ወጥታ ቦታ እንደተገኘ፣ እስከ ነገ አስባ እንድትመልስ እንደተነገራት አሳወቀችን። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ባለቤቴ ግን ከተቀመጠበት ተነሳ። ይህን ቀን ለብዙ ወር ሲጠብቅ እንደነበር ፊቱ ላይ አየሁ። እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገና «ከነዚያ ሁሉ አንቺ ትበልጫለሽ» አላት። «እኔ ካየኋቸው ሁሉ ጎበዟ አንቺ ነሽ።»

ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ሲላት የመጀመሪያው ነው። ልጄ ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አሁንስ ለጨዋነት ነው?» አለችኝ።

በስዊድንኛ ነው የጠየቀችኝ፤ እሱም ሰምቷል። የለም፣ የምሩን ነው አልኳት፤ ግን የእሱን ቃል እንዳታምን ያስተማርኳት እኔ ነኝና በእኔ ቃል የምታምንበት ምክንያት አልነበራትም። ባለቤቴ ደግሞ ደገመው። ሦስተኛም ጎበዝ ነሽ አላት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ማለላት። በደጋገመው ቁጥር እንግዳ እንዲበላለት የሚለምን ሰው እየመሰለ ሄደ። ልጄ እሺ አለችና እጁን በእርጋታ ከትከሻዋ አንስታ ወደ ክፍሏ ገባች። ሁለታችን ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆመን ቀረን።

በማግሥቱ ማታ ላይ አሰልጣኟ ደወለችልኝ። ልጄ አልፈልግም እንዳለቻት፣ ለዚያ ቡድን አልበቃም፣ ያለሁበት ይበቃኛል እንዳለቻት ነገረችኝ። እንደገና ጠይቂያት አልኳት፣ እባክሽ፣ ነግሬሽ የለም ወይ፣ የእኛ ሰው በመጀመሪያው እሺ አይልም።

«እንዳልሽኝ ሦስት ጊዜ ጠይቄያታለሁ» አለች። «በሦስተኛው አለቀሰች። የምሯን ነው።»

ስልኩን አስቀምጬ ለባለቤቴ ነገርኩት። መሬት መሬቱን ካየ በኋላ ቀና አለ።

«አራተኛ ብትጠይቃትስ?» አለኝ።